ጌጥ፣ ቅየራ፣ ፈቃድ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ስለሚታዩት መሣሪያዎች

የሠርግ ወራትና የበዓል ሰሞን በመጣ ቁጥር ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታና ከቡራዩ አካባቢ የሚነሡ ምስሎች ከስልክ ወደ ስልክ ይዘዋወራሉ። አንዱ ሰደፉ በቆዳና በጨሌ የተለበጠ ክላሽ አንግቶ ይሸልላል። ሌላው አዲስ ያገኘውን ሽጉጥ ከነካዝናው ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ያሳያል። ሦስተኛው አሮጌ ጠመንጃው ላይ ያስገጠመውን መነጽር እያገላበጠ ያስቃኛል። ወዲያው ክርክሩ ይነሣል። «ከአባት የወረስነው ነው፣ ምን አገባችሁ?» የሚል ወገን አለ፤ «መሣሪያ ይዞ አደባባይ የወጣ ሰው እንዴት ዝም ይባላል?» የሚልም አለ።

ክርክሩ የማይቋጨው ተከራካሪዎቹ ስለተለያየ ነገር ስለሚያወሩ ነው። በደፈናው «መሣሪያ ማሳየት» በሚባለው ውስጥ ቢያንስ ሦስት ድርጊቶች ተደባልቀዋል፦ መሣሪያን ማስጌጥ፣ መሣሪያ ላይ ተጨማሪ ዕቃ መግጠም፣ መሣሪያን ከተሠራበት ዓላማ ውጭ መቀየር። የሦስቱ መነሻም፣ የሚያስከትሉት አደጋም፣ በሕግ ፊት ያላቸው ክብደትም አንድ አይደለም። ከሦስቱም በላይ ወሳኝ የሆነ፣ በክርክሩ ውስጥ ግን እምብዛም የማይነሣ ጥያቄ አለ፤ ያ መሣሪያ በማን ስም፣ በምን ቁጥር፣ በየትኛው መዝገብ ላይ ተጽፏል?

ጌጡ ከየት መጣ?

በደጋው የአገሪቱ ክፍል ጠመንጃ ከመሣሪያነቱ አልፎ የማዕረግና የሀብት መግለጫ ከሆነ ቆይቷል። ከጠመንጃ በፊትም ጋሻው በብር ይለበጥ፣ የጎራዴው አፎት በቀይ ከፈይ ይሸፈን ነበር። ስናድሩ፣ ውጅግራው፣ ለበኑና ምንሽሩ የተባሉት ጠመንጃዎች ሲመጡ ያንን ቦታ ወረሱ። ፎካሪው መሣሪያውን እንደ ፈረሱ በስም እየጠራ ይፎክርበታል፤ አልቃሽም ሟቹን ስታወድስ ጠመንጃውን ታነሣለች። በዚህ ልማድ ውስጥ ላደገ ሰው መሣሪያውን ማስጌጥ የሚያስነውር ነገር የለውም። እንዲያውም ያልተወለወለ፣ ሰደፉ የተሰነጠቀ ጠመንጃ ይዞ ሠርግ መሄድ ነው የሚያሳፍረው።

ከአዲስ አበባ አናት ላይ ያለው እንጦጦም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1886 መጨረሻ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ፣ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ ማለት ነው፣ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ ወጣ። ከንጉሥ ምኒልክ ጋር የተገናኘው በ1887 እንጦጦ ላይ ነበር። መሣሪያዎቹ ዘመን ያለፈባቸው ነበሩና ምኒልክ ዋጋውን ቆረጡበት፤ ራምቦም የጠበቀውን ትርፍ ሳያገኝ ተመለሰ። መሣሪያን ዓይቶ ዓይነቱንና ዋጋውን መለየት በቤተ መንግሥትም እንደ ዕውቀት ይቆጠር እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ አድዋ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ጠመንጃና ነጻነት በሕዝቡ ትዝታ ውስጥ ተጋመዱ።

ክላሽ የመጣው ዘግይቶ ነው። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በተካሄደው የሶማሊያ ጦርነት ምክንያት ከሶቪየት ኅብረትና ከአጋሮቿ በገፍ የገባው ይህ መሣሪያ የመንግሥት ንብረት ነበር። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ግን ከፍተኛ ቁጥር ያለው መሣሪያ ከወታደሩ ጋር ወደየመንደሩ ገባ። ዛሬ «የአባቴ ነው» ተብሎ የሚታየው ክላሽ ብዙውን ጊዜ የውርሱ ዘመን ከዚህ አያልፍም። ይህን ልብ ማለት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የባህል ክርክሩ ስለ ውጅግራና ስለ ምንሽር የሚያወራውን ሁሉ ለክላሹ ያለ ማጣሪያ ያወርሰዋል። አንዱ እያንዳንዱን ጥይት አጉርሰው የሚተኩሱት ጠመንጃ ነው፤ ሌላው በአንድ ካዝና 30 ጥይት ይዞ በደቂቃ ውስጥ የሚጨርስ የጦር ሜዳ መሣሪያ ነው።

ጌጡን ቀረብ ብሎ ያየው ሰው ሥራውን ያደንቃል። የእንጨት ሰደፉ በቀጭን የፍየል ቆዳ ይሸፈናል፤ ቆዳው ጠርዙ ላይ በናስ ምስማር ይመታል፤ ማንገቻው በባለ ቀለም ክር ይጠለፋል። አንዳንዱ ሁለት ካዝና አፍና ጭራ አገላብጦ በፕላስተር ያስራል፤ ይህኛው ከጌጥ ይልቅ ከጦር ሜዳ የተቀዳ ነው፤ ሠርግ ላይ ምን እንደሚሠራ ባለቤቱም ቢጠየቅ መልስ ላይኖረው ይችላል። ያም ሆነ ይህ ጌጥ መሣሪያውን አይለውጠውም። ብረቱ ያው ብረት ነው፣ ቁጥሩም ያው ቁጥር። የሕጉ ጥያቄ ከጨሌው ሥር ነው ያለው።

«ከስተም» እና ከባሕር ማዶ የመጣው ልማድ

ወጣቶቹ ሲያወሩ «ከስተም» የሚል ቃል ይሰማል። ከፋብሪካ ከወጣበት መልክ በባለቤቱ ፍላጎት የተሻሻለ፣ ወይም ከተለያዩ ክፍሎች የተገጣጠመ መሣሪያ ለማለት ነው። ልማዱ በዋናነት የአሜሪካ ነው። እዚያ አንድ የመሣሪያ ወዳጅ ጠመንጃውን ገዝቶ ሰደፉን፣ የእጅ መያዣውን፣ መነጽሩን፣ ቃታውን ሳይቀር እየለወጠ የራሱ ያደርገዋል። ሽጉጡን ለባለሙያ ሰጥቶ ብረቱን ያስቀርጻል፤ መያዣውን በዋንዛ ሳይሆን በዎልነት እንጨት ያሠራል፤ ከዚያም ለወዳጆቹ ያሳያል። በአብዛኛው ግዛት ይህ እንደ ማንኛውም የትርፍ ጊዜ ሥራ የሚታይ ነው።

ይህ የሚቻለው ግን አንድ የሕግ ሥርዓት ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሣሪያ መያዝን መብት አድርጎታል። በዚያ ላይ የፌዴራል ሕጉ «መሣሪያ» ብሎ የሚቆጥረው አንዱን ክፍል ነው፤ «ሪሲቨር» ወይም «ፍሬም» የሚባለውን፣ ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚታሠሩበትን ዋና አካል። መለያ ቁጥሩ እዚያ ላይ ይመታል። ነጋዴው የገዢውን ማንነት የሚያጣራው እሱን ሲሸጥ ነው። ሰደፍና መያዣው ግን እንደ መኪና ወንበር ልብስ በነጻ ይሸጣል። እንግዲህ አሜሪካዊው መሣሪያውን ቢፈልግ አሥር ጊዜ ቢቀያይረው ቁጥሩ ያለበት አካል በቦታው ይቆያል፤ ፖሊስ መነሻውን መከተል ይችላል።

ሥርዓቱ የተናጋው ቁጥር የሌላቸው፣ በከፊል የተሠሩ ክፍሎች ገበያ ላይ ሲወጡ ነው። እነዚህ «ጎስት ገን» ይባላሉ፤ በመዝገብ ስለማይታዩ የመንፈስ ያህል ናቸው የሚል ሐሳብ ይዞ ነው ስሙ የወጣው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 ክፍሎቹ ቁጥር እንዲኖራቸውና ሻጩ ገዢውን እንዲያጣራ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2025 በሰባት ለሁለት ድምፅ ደንቡን አጸናው። የመሣሪያ ነጻነት እጅግ በሰፋበት አገር እንኳ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ያረፈው ቁጥር ላይ ነው።

ወደ እኛ ዳርቻ የመጣው ምስሉ ብቻ ነው። ከምስሉ ጀርባ ያለው መዝገብ፣ ፈቃድ፣ የተመሰከረለት ጠጋኝ አብሮ አልመጣም። እዚህ በክላሽ ላይ የሚገጠመው በአብዛኛው «ፒካቲኒ» የሚባለው ባለ ጥርስ የብረት ሐዲድና በላዩ የሚቀመጥ ርካሽ ባለ ቀይ ነጥብ መነጽር ነው። ለጨዋታ አየር ጠመንጃ ተብሎ የተሠራውም ይገኝበታል። የቴክኒኩን ነገር ካነሣን አይቀር፦ የተለመደው ክላሽ የላይ ክዳን ስስ ብረት ነው፤ ለጽዳት በየጊዜው ይነሣል፤ ሲዘጋም ትንሽ ይንቀሳቀሳል። እሱ ላይ የተገጠመ መነጽር በጥቂት ተኩስ ውስጥ ከኢላማው ይወጣል። ከሚታዩት «የተሻሻሉ» ክላሾች ብዙዎቹ ከነበሩበት የባሱ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ያማሩት ለፎቶ ነው።

የድምፅ ሽጉጡ ጉዳይ

ሦስተኛው ዓይነት፣ ቅየራው፣ ከሁለቱ ፍጹም የተለየ ነው። «የድምፅ ሽጉጥ» የሚባለው መልኩ ከእውነተኛው የማይለይ፣ ግን ጥይት እንዳይወጣበት አፈሙዙ ተዘግቶ የሚሠራ፣ ድምፅና ጭስ ብቻ የሚሰጥ ዕቃ ነው። ለፊልም ሥራ፣ ለውሻ ማሠልጠኛ፣ ለሩጫ ውድድር ማስጀመሪያ ይውላል። በዓለም ላይ በብዛት ከሚያመርቱት አገሮች አንዷ ቱርክ ናት። ተመሳጥረው እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ የሚቀይሩት ሰዎች በአውሮፓም በአፍሪካ ቀንድም አሉ። ብሪታኒያ የተወሰኑ የቱርክ ስሪቶችን በቀላሉ ስለሚቀየሩ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ከሕዝቡ እንዲመለሱ አድርጋ ከዚያ በኋላ መያዛቸውን ከልክላለች። እኛ ዘንድም «የቱርክ ሽጉጥ» የሚለው ስም በኬላ ፍተሻ ዜናዎች ላይ የሚደጋገም ነው።

በገዢው ዘንድ ያለው ግራ መጋባት ይህ ነው፦ አንጸባራቂ፣ አዲስ፣ በኒኬል የተነከረ ሽጉጥ ከአሮጌ ማካሮቭ (የሶቪየት ስሪት ሽጉጥ) ረክሶ ሲያገኘው የተሻለ ዕቃ የገዛ ይመስለዋል። የብዙዎቹ የድምፅ ሽጉጦች ገላ ግን ከዚንክ ቅይጥ የሚሠራ ነው፤ የሚችለው የድምፅ ጥይትን ግፊት ብቻ ነው። እውነተኛ ጥይት የሚፈጥረው ግፊት ብረቱን ይሰነጥቀዋል፤ ሲፈነዳ ደግሞ የሚተኩሰውን ሰው ጣትና ዓይን ነው የሚያገኘው። በዚያ ላይ ቁጥሩ፣ ካለው፣ የድምፅ ሽጉጥ ቁጥር ነው፤ በየትኛውም አገር የእውነተኛ መሣሪያ መዝገብ ላይ የለም። ፖሊስ በወንጀል ቦታ ሲያገኘው ከፋብሪካ እስከ ወንጀለኛ ያለውን መንገድ ተከትሎ መድረስ አይችልም። የቀየረው ሰው መሣሪያ ሠራ እንጂ መሣሪያ አላስጌጠም።

ሕጉ የሚያየው የቱን ነው?

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ነው። መነሻው ቀላል ነው፤ መሣሪያ መያዝ፣ ማከማቸት፣ ማጓጓዝ፣ መሸጥ፣ መጠገን፣ ማምረት በፈቃድ ብቻ ይሆናል። ፈቃድ የሌለው ይዞታ ወንጀል ነው፤ ንግዱና ዝውውሩ ደግሞ ከይዞታው እጅግ የከበደ ቅጣት ያስከትላል። ፈቃድ ያለው ሰውም ቢሆን ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች መሣሪያ ይዞ መገኘቱ ገደብ አለበት።

ከዚህ አንጻር ሦስቱን ብናስቀምጣቸው፦ ያጌጠው ጠመንጃ ባለቤት የሚጠየቀው ስለ ፈቃዱና ይዞት ስለወጣበት ቦታ ነው። ዕቃ ያስገጠመው ሰው በዚህ ላይ ማን ገጠመለት የሚል ጥያቄ ይጨመርበታል፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ እየከፈተ የሚጠግን ባለሙያ ራሱ ተጠያቂ ነውና። የተቀየረ ሽጉጥ ያለው ግን ፈቃድ ሊያገኝበት የሚችል መንገድ የለውም።

ስለ ምስሉም ሁለት የተሳሳቱ አስተሳሰቦች አሉ። አንዱ «ፎቶ ወንጀል አይደለም» የሚል ነው። ፎቶው ወንጀል ባይሆን እንኳ ማስረጃ ነው፤ መሣሪያውን፣ ያዡን፣ ቦታውን፣ አንዳንዴም ቀኑን ያሳያል። ሌላው «መሣሪያ ያሳየ ሁሉ በጥላቻ ንግግር አዋጅ ይጠየቃል» የሚለው ነው። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚመለከተው ቡድንን ወይም ግለሰብን በማንነቱ ለጥላቻና ለጥቃት የሚያነሣሣ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ነው። ዝም ብሎ የቆመ ጠመንጃ እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ከጠመንጃው ጋር «እነ እገሌን» የሚል ዛቻ ከተጨመረ ነገሩ ይለወጣል። ሽለላና ዛቻ የሚለያዩበት መስመር ደግሞ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም፤ ሽለላ በተፈጥሮው ጠላት ይፈልጋልና።

ከብረቱ ግራ ጎን ያለው ቁጥር

ክላሽን ለሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚታየው በግራ ጎን፣ ከካዝናው መግቢያ በላይ የተመታው ምልክት ነው። የፋብሪካው ምልክት፣ ብዙ ጊዜም የተሠራበት ዓመት፣ መለያ ቁጥሩም እዚያ አለ። በብዙ ስሪቶች ላይ ያው ቁጥር፣ ወይም የመጨረሻዎቹ አኃዞቹ፣ በክዳኑና በውስጥ ተንቀሳቃሹ ብረት ላይ ይደገማሉ። ሁሉም አንድ ከሆኑ መሣሪያው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ካልገጠሙ ከተለያዩ መሣሪያዎች የተሰባሰበ ነው። አዋቂ ገዢዎች ዋጋ ሲከራከሩ ይህን ያያሉ።

ኢትዮጵያ የፈረመችው እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የናይሮቢ ፕሮቶኮል አባል አገሮች መሣሪያ ሲመረትም ሲገባም ምልክት እንዲመቱበትና እንዲመዘግቡ ይጠይቃል። የዓላማው ፍሬ ነገር ክትትል ነው። መሣሪያ ሲያዝ ከየት ወጣ፣ በማን እጅ አለፈ፣ መቼ ከሕጋዊ መንገድ ወጣ የሚለውን ማወቅ ካልተቻለ አንድ ሽጉጥ ተያዘ እንጂ ምንጩ አልደረቀም። አሁን ወደ ማሻሻሉ ስንመለስ አደጋው ወለል ብሎ ይታያል። ብረቱን ሞርዶ እንደገና ቀለም መቀባት፣ ኒኬል መንከር፣ ክዳኑን መለወጥ፤ ሁሉም ለውበት ይደረጋል ይባላል። በሒደቱ ግን ቁጥሩ ሊጠፋ ይችላል፤ አንዳንዱም የሚሞረደው ለዚያው ነው። ፈቃድ ያለው ባለቤት እንኳ መሣሪያውን አሳምሮ ሲጨርስ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብረቱ ላይ ከሌለ በእጁ ያለው ወረቀት ስለ ሌላ መሣሪያ የሚናገር ይሆናል።

ለምን በዳርቻው?

መሣሪያ የማሳየት ልማድ በገጠር አለ፤ በመሐል ከተማ የለም ማለት ይቻላል። ጎልቶ የሚታየው ሁለቱ በሚገናኙበት ቀለበት ላይ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ በአስተዳደር ከተማ ሆኑ፤ በኑሮ ግን ገና እርሻና አፓርታማ ጎን ለጎን ያሉበት ምድር ነው። በአዲስ አበባ ድንበር አካባቢም ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶ ላይ የኮንዶሚኒየሙ መስኮት የሚከፈተው ወደ ጤፍ ማሳ ነው። ለገበሬው ቤተሰብ ሠርግ ላይ ሁለት ጥይት መተኮስ የክብር ጉዳይ ነው፤ ከከተማ ለመጣው ነዋሪ ደግሞ የተኩስ ድምፅ አንድ ትርጉም ብቻ አለው። ተኩሱ በተሰማ ቁጥር አንዱ እልል ይላል፣ ሌላው ልጆቹን ከመስኮት ያርቃል።

የቦታው መጥበብ ከስሜት ያለፈ ነገርም አለው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በማዘንበል ወደ ሰማይ ከተተኮሰ 2 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሄዶ ያርፋል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣው ደግሞ ፍጥነቱን ጨርሶ ሲመለስ በአየር ግጭት ምክንያት ፍጥነቱ የተገደበ ነው፤ እንደ አወዳደቁ በሰከንድ ከ60 እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። የሰው ቆዳ ለመበሳት በሰከንድ 60 ሜትር አካባቢ ይበቃል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይቱ ከቆላው ይልቅ ይርቃል፣ ሲወድቅም ይፈጥናል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ፖርቶ ሪኮ ውስጥ በአንድ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወደ 2004 በተዞረበት ሌሊት፣ በደስታ ተኩስ 19 ሰዎች መጎዳታቸውንና አንድ ሰው መሞቱን መዝግቧል። ድሮ ጥይቱ የሚያርፈው ባዶ መስክ ላይ ነበር፤ ዛሬ የቆርቆሮ ጣራ ላይ ነው።

ተኳሹ «ሰው ለመግደል አላሰብኩም» ማለቱ ነጻ አያወጣውም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። አንቀጽ 58 ደግሞ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የሠራን ሰው ሆን ብሎ እንዳደረገ ይቆጥረዋል። ቤት በተጨናነቀበት ሰፈር የተተኮሰ ጥይት በየትኛው እንደሚታይ የሚወስነው ፍርድ ቤት ቢሆንም ሰፈሩ በጠበበ ቁጥር «አላወቅሁም» የሚለው መከራከሪያ እየሳሳ ይሄዳል።

የሚጋጩት ሐሳቦች

መሣሪያ የያዙ የዳርቻው ነዋሪዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ እሱም ስጋት ነው። ከአዲስ አበባ በሚወጡ መንገዶች ላይ እገታ በተደጋጋሚ የተሰማባቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ከብት ይሰረቃል፤ ሌሊት የሚጠራ ፖሊስ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ባህሉ ቢቀር እንኳ ስጋቱ እያለ መሣሪያህን አስረክብ የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያቸው ስለ መተማመን ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሸዋ በተጠጋበት ሰሞን፣ የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ነዋሪዎች መሣሪያቸውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡና አካባቢያቸውን እንዲጠብቁ አሳሰበ። ያኔ መመዝገብ የአገር መከላከል አካል ነበር። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ከተወሰነና ግጭቱ ወደ አማራ ክልል ከዞረ በኋላ ደግሞ መሣሪያ መያዝ በጥርጣሬ መታየት ጀመረ። አንድ ሰው በአንዱ ዓመት ስሙን ያስመዘገበበት መዝገብ በሌላው ዓመት የፍተሻ ዝርዝር እንዳይሆንበት ቢፈራ አይፈረድበትም። ይህ ፍርሃት ለምዝገባው ከባህል ይልቅ የሚከብድ እንቅፋት ነው ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል።

በመንግሥት በኩል ያለው ክርክር እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። መሣሪያው በማን እጅ እንዳለ የማይታወቅበት ከተማ ፍተሻ እየበዛ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም። የየኬላው ሰልፍ፣ የየአውቶቡሱ ሻንጣ መገልበጥ፣ ነጋዴው በመንገድ የሚያጠፋው ሰዓት ያልተመዘገበው መሣሪያ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው፤ የሚከፍለውም መሣሪያ የሌለው ሰው ነው።

ማሳየቱ ግን ለራሱ ለስጋቱ ክርክርም ጠላት ነው። ቤቱን ለመጠበቅ መሣሪያ የያዘ ሰው መሣሪያ እንዳለው ለሌባ አይናገርም። ሽጉጥ በሌባ ዘንድ ከወርቅ ቀጥሎ የሚፈለግ ዕቃ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ውድ ነው፣ ባለቤቱ ፈቃድ ከሌለው ደግሞ ተሰረቅሁ ብሎ አይከስም። በሌላ በኩል ከሚታዩት ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል ማሳየት ብቻም አይደለም። «ይህን የመሰለ አለኝ» የሚለው ሰው ጠያቂ ይጠብቃል፤ ዋጋው በጎን ይነገራል፤ ወዳጅነቱ ቀስ ብሎ ወደ ድለላ ይሻገራል። በዚህ ጊዜ ጉዳዩ ከይዞታ ወደ ንግድ ያልፋል፤ ቅጣቱም አብሮ ይዘልላል። ብዙ ወጣቶች ይህን ድንበር መሻገራቸውን የሚያውቁት ከተያዙ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ምን ሊመጣ ይችላል?

በአጭር ጊዜ የሚጠበቀው የለመድነው ነው፤ በዓል ሲቃረብ ማሳሰቢያ፣ አንዳንድ ምስል ገኖ ሲወጣ እስር፣ ከዚያ ዝምታ። ይህ አካሄድ የሚያሳዩትን ሰዎች ይቀንስ ይሆናል፤ ያላቸውን መሣሪያ አይቀንስም። እንዲያውም የሚያስጌጡት ባለ ሠርጎች ቶሎ ይታያሉና ቶሎ ይያዛሉ፤ ሽጉጥ ቀያሪው ግን ፎቶ አይነሣም። ፖሊስ ጉልበቱን በሚታየው ላይ ባፈሰሰ ቁጥር እጅግ አደገኛው ቅየራ ጥላ ውስጥ ይቀራል።

በምዝገባው በኩል ለውጥ ካልመጣ ማስጌጡ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ይገባል። ለውጥ ይምጣ ከተባለ መመለስ ያለባቸው ጥቂት ግልጽ ጥያቄዎች አሉ። መሣሪያውን ይዞ ለምዝገባ የመጣ ሰው በዚያው እንደማይታሰር በጽሑፍ የሚተማመንበት ቃል ያገኛል? በሸገርና በአዲስ አበባ መካከል ቤቱ አንዱ ጋ፣ እርሻው ሌላው ጋ የሆነ ገበሬ ፈቃዱ በሁለቱም በኩል ይሠራለታል? መሣሪያ የሚጠግኑ የመንደር ባለሙያዎች ፈቃድ አግኝተው የሚሠሩበትና የሚነኩትን እያንዳንዱን ቁጥር የሚጽፉበት መንገድ ይኖራል? ይህ የመጨረሻው ጥቃቅን ይምሰል እንጂ ቁልፍ ነው። ማሻሻልም ቅየራም የሚያልፈው በነሱ ወርክሾፕ በኩል ነው፤ ጠጋኙ ሕጋዊ ሆኖ መዝገብ ከያዘ ቁጥሩ የተሞረደ ብረት ሲመጣለት እምቢ የሚልበት ምክንያት ይኖረዋል። ዛሬ የለውም።

የውጅግራዎቹና የምንሽሮቹ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው መታየት ይገባዋል። ጥይታቸው ከገበያ የጠፋ፣ ከአያት የወረዱ እነዚህ ጠመንጃዎች ለወንጀል የሚያገለግሉበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው፤ ባለቤቶቻቸው ግን ከክላሽ ባለቤት እኩል ይፈራሉ። አንዳንዱ ለብረት ሻጭ ይሰጠዋል፣ አንዳንዱ ይቀብረዋል። እንዲህ ያለውን አሮጌ መሣሪያ አፈሙዙን ደፍኖ፣ ቁጥሩን መዝግቦ፣ ለባለቤቱ በቅርስነት የሚመልስ አሠራር በሌሎች አገሮች አለ። እዚህም ቢጀመር ፖሊስ በየዓመቱ ከሚሰበስበው ክምር ውስጥ ታሪክ የሆነውን አደጋ ከሆነው ለይቶ ማስቀመጥ ይቀለዋል፤ ነዋሪውም የመጀመሪያውን ጠመንጃ ይዞ ወደ ጣቢያው ሲሄድ ምን እንደሚገጥመው አይቶ ስለ ሁለተኛው ይወስናል።